በወረርሽኙ መካከል ለሚሠሩት የጎጃም ሐኪሞቻችን፤ ምስጋናችሁንም ምኞታችሁንም ጻፉላቸው

የመንቆረር ልጅ
ነሐሴ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሰላም ለሁላችሁም፣ እንኳን ለፍልሰታ አደረሳችሁ።

እኛ ዘንድ ሰው ሐኪም ቤት ሲተኛ ብቻውን አይተኛም። አንዱ አጥሚት በፔርሙስ ይዞ ይመጣል፣ አንዱ ከአልጋው ሥር ጋቢ አንጥፎ ያድራል፣ ጎረቤት ተራ ገብቶ ይጠይቃል፣ የእድሩ ሰው ሳይቀር «እንዴት አደረ?» ይላል። ኮሮና ከሁሉ አስቀድሞ የነጠቀን ይህን ነው። በሽተኛው ለብቻው ይገባል፣ አስታማሚ ከበር ይመለሳል። ታዲያ አጥሚቱን ማን ያጠጣው? ላቡን ማን ይጥረግለት? ሌሊት ሲባንን «አይዞህ» የሚለው ማን ነው? ሐኪሞቹና ነርሶቹ ናቸው። መርፌውንና ኦክስጅኑን ሰጥተው ሳያበቁ የእናትና የልጅ ሥራም እየሠሩልን ነው። ይህን የውይይት ክር የከፈትኩት ይህ ውለታ በየቤቱ ተወርቶ ብቻ እንዳይቀር ብዬ ነው።

የአባቴን ልናገር። ዕድሜው ሰባን አልፏል፣ ጆሮውም ከብዷል። ለይቶ ሕክምና ሲገባ የሚያክሙት ሁሉ ከራስ እስከ እግር ተሸፍነው ስለሚመጡ ማን ማን እንደሆነ መለየት አቅቶት ተጨንቆ ነበር። አንዷ ነርስ ይህን ስታይ የለበሰችው ቱታ ደረት ላይ በማርከር ስሟን በትልቁ ጻፈች። አባቴ ዳዊት ደጋሚ ነው፤ ስሟን ፊደል በፊደል አነበበና የክርስትና ስሟን ጠየቃት። ነገረችው። ዛሬ ድኖ ቤቱ ነው፣ ክብር ለመድኃኔዓለም። ጠዋት ውዳሴ ማርያሙን ሲጨርስ የልጆቹን ስም ይጠራና የእሷን ያስከትላል። ፊቷን አይቶት አያውቅም።

አንድ ነገር ልለምናችሁ፤ የሐኪሞቹን ስም እዚህ አትጻፉ። በሰፈራቸው «እነሱ ዘንድ በሽታው አለ» እየተባሉ የሚገለሉ አሉና። ሥራቸውን ብቻ ጻፉ።


ጮቄ ደጋ
ነሐሴ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

የመንቆረር ልጅ፣ አባትህን እንኳን ለቤታቸው አበቃቸው። ዕድሜ ይስጣቸው።

እኔ የምጨምረው፣ ሐኪም ስንል ነጭ ጋወን የለበሰውን ብቻ እንዳናስብ ነው። እኛ ጋ፣ ጮቄ ሥር፣ ሆስፒታል የሚባለው ሩቅ ነው። ቅርባችን ያለችው የጤና ኤክስቴንሽኗ ናት። ፕሮግራሙ በ1995 ሲጀመር በየቀበሌው ሁለት ሁለት ሴቶች ተብሎ ነበር የተጀመረው፤ እነዚያ ሴቶች ናቸው ዛሬም ድረስ የገጠሩን ሰው ጤና ተሸክመው የሚሄዱት። የእኛዋን በዚህ ክረምት አየናት። ጭቃው እስከ ጉልበት ነው፤ በቦቲ ጫማ፣ ዣንጥላዋን ይዛ፣ ከቤት ቤት ትዞራለች። ከአዲስ አበባ የመጣ አለ ወይ? ከመተማ የተመለሰ አለ ወይ? የሚያስለው፣ የሚያተኩሰው አለ ወይ? ትጠይቅና በመዝገቧ ትጽፋለች።

ገበሬው መጀመሪያ ላይ አልሰማትም ነበር፤ እውነት ለመናገር። አረም ነው፣ ወንፈል ነው፣ ሰው ተደርድሮ ነው የሚያርመው። እሷ ግን «ወንፈሉን ተዉ» አላለችም። ማሳው ድረስ መጥታ «በመካከላችሁ ሁለት ክንድ ይኑር፣ ውኃ በአንድ ቅል አትጠጡ» አለች። ይህ ነው ሰሚ ያገኘው። በቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ ላይ ደግሞ ጀሪካን ሰቅላ፣ ታችኛውን ጎን በምስማር በስታ፣ ሳሙና በገመድ አንጠልጥላለች። ምስማሩን ስትነቅለው ውኃው ይወርዳል፣ ስትመልሰው ይቆማል። ቄሶቹ አሁን ውኃው ሲያልቅ ራሳቸው ያስሞላሉ።

አባቴ ማታ ማታ ሲያንጎራጉር ያላትን ልጻፍላችሁ፤

በቁና ሰፍሬ በእንቅብ ብሸከመው፣
የእናንተን ውለታ ጎተራ አይችለው።


ከእንጅባራ
ነሐሴ 10 ቀን 2012 ዓ.ም.

በመጋቢት መጨረሻ ባሕር ዳር፣ እንጅባራ፣ አዲስ ቅዳምና ቲሊሊ ለ14 ቀን እንቅስቃሴ ሲዘጋ አስታውሳለሁ። ባጃጅ የለም፣ ሚኒባስ የለም፣ ሱቅ ዝግ ነው። እኛ ደጃችንን ዘግተን ስንቀመጥ በባዶው መንገድ ላይ በእግራቸው ሲሄዱ የምናያቸው እነሱን ነበር፤ ቦርሳ አንግተው፣ ባጅ አንጠልጥለው፣ ገና ሳይነጋ። ያን ጊዜ ስለ በሽታው ከሬዲዮ ከምንሰማው በቀር ማንም የሚያውቀው አልነበረም። እነሱም እንደኛው ይፈሩ ነበር እኮ። ፈርተው ሄዱ። እግዜር ብድራቸውን ይክፈላቸው።


ሲስተር ከማዕከሉ
ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

የጻፋችሁትን በተረኛ ክፍል ጮክ ብዬ አነበብኩላቸው። የአባታችንን የዳዊት ነገር ስናነብ ሁላችንም ዝም አልን። (ያቺ ነርስ እኔ አይደለሁም፤ ግን ሁላችንም ስማችንን እንጽፋለን።)

የለይቶ ሕክምናው ውስጡ ምን እንደሚመስል የምትጠይቁኝ ስለበዛችሁ ትንሽ ልንገራችሁ። ከላይ እስከ ታች የሚሸፍነው ቱታ፣ ድርብ ጓንት፣ ኤን 95 የሚባለው ማስክ፣ መነጽር፣ ከእሱ በላይ የፊት መከለያ፣ ቦቲ። አንዴ ከለበስክ በኋላ ውኃ መጠጣት የለም፣ ሽንት ቤት መሄድ የለም። መነጽሩ በላብ ይደፈናል፤ ደም ሥር የምንፈልገው በጭጋግ ውስጥ እያየን ነው። ሰዉ የሚፈራልን በሽተኛው አጠገብ ስንቆም ነው። እኛ ግን የምንፈራው ስናወልቅ ነው። ቫይረሱ ያለው የልብሱ ውጪ ላይ ስለሆነ ከቅደም ተከተሉ አንዷን ብትስት በእጅህ ወደ ፊትህ ታመጣዋለህ። ስለዚህ ደክሞን፣ ርቦን፣ ጉሮሯችን ደርቆ የምንወጣበት ሰዓት ላይ ነው ከሁሉ ይበልጥ መጠንቀቅ ያለብን። አንዲት ባልደረባችን በር ላይ ቆማ «ጓንት፤ እጅሽን አጽጂ፤ መከለያ፤ እጅሽን አጽጂ» እያለች ታስወልቀናለች። ፈረቃችን ሲያልቅም ቤት አንገባም፤ ተለይተን ቆይተን ነፃ መሆናችን ሲታወቅ ነው። ልጄ አሁን አሁን ስልኩን ስታነሳ «መቼ ነው?» ብቻ ነው የምትለኝ።

ምኞት ጻፉ ስላላችሁ የእኔ ምኞት አንድ ነው፤ አትዘግዩብን። ይህ በሽታ አታላይ ነው። ሰውዬው በእግሩ መጥቶ፣ እየተጫወተ፣ ጣቱ ላይ መለኪያውን ስናደርግለት የደሙ ኦክስጅን ከ90 በመቶ በታች ወርዶ እናገኘዋለን። እሱ «ደህና ነኝ፣ ትንሽ ድካም ነው» ይላል። በዚያ ሰዓት ከመጣልን በኦክስጅን፣ በሆዱ በማስተኛት ብዙ ማድረግ እንችላለን። በሆድ መተኛቱ ብዙ ሰው ይገርመዋል፤ ጀርባ በኩል ያለው የሳንባው ክፍል እንዲከፈት ነው።

ደግሞ ደስ የሚለውንም ስሙ። በሰኔ ወር ከእንግሊዝ የጥናት ውጤት ወጥቷል፤ ዴክሳሜታዞን የሚባለው ርካሽና የቆየ መድኃኒት በቬንቲሌተር ላይ ካሉት ሕሙማን የሞቱን መጠን በሲሦ፣ ኦክስጅን ከሚያስፈልጋቸው ደግሞ በአንድ አምስተኛ ቀንሷል። እኛ አገር የማይጠፋ መድኃኒት ነው። ግን እባካችሁ ገዝታችሁ ቤት አትውሰዱት። ኦክስጅኑ ላልወረደበት ሰው አይጠቅምም፣ ሊጎዳም ይችላል።


ሐቅ ሐቁን
ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

ምስጋናውን ከልቤ እጋራለሁ። ግን ምስጋና ብቻውን የቤት ኪራይ አይከፍልም።

እህቴ የላቦራቶሪ ባለሙያ ናት። የላቦራቶሪ ሰው ማንም አያነሳውም። በጥር ወር ጥርጣሬ ሲኖር ናሙና እስከ ደቡብ አፍሪካ ይላክ ነበር፤ ኋላ ምርመራው አዲስ አበባ ተጀመረ፤ አሁን ይኸው በየክልሉ ሆኗል፤ በዚህ ወር በተጀመረው የምርመራ ዘመቻ ደግሞ ናሙናው እንደ ጎርፍ ይመጣባቸዋል። ያን ሁሉ አፍንጫና ጉሮሮ የነካ እንጨት የሚከፍቱት እነሱ ናቸው። እህቴ አንድ ማታ ከሥራ ስትመለስ አከራይዋ ዕቃዋን በረንዳ ላይ አውጥታ ጠበቀቻት። ፍራሿ፣ የምግብ ማብሰያዋ፣ የትምህርት ማስረጃዋ ሳይቀር፤ በነሐሴ ዝናብ። «ልጆች አሉኝ፣ ክፉ አይደለሁም፣ ልጆች አሉኝ» አለቻት አሉ። እዚያች ከተማ ውስጥ ያን ሌሊት የወሰዳት የሥራ ባልደረባዋ ናት።

ስለዚህ የእኔ ምኞት ቀላል ነው። የዱቲ፣ ማለትም የተረኝነት፣ ክፍያቸው በወቅቱ ይግባ። የተጋላጭነት አበል የሚባለው ወረቀት ላይ አይቅር። ማስክ «ቆጥባችሁ ተጠቀሙ» አይባሉ። ማደሪያ ይሰጣቸው። ይህን የሚያሟላላቸው ካለ እኔ በግሌ ከዚያ በኋላ በየሰንበቱ ቆሜ አጨበጭብላቸዋለሁ።


እትዬ ወለላ ዘፍኖተ ሰላም
ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

የእህትህ ነገር አንጀቴን አላወሰው፣ ልጄ። እኔም ቤት አከራይ ነኝ። ፍርሃቱን አውቀዋለሁ፤ የልጅ ልጆች አብረውኝ አሉ። ግን ግቢዬ ውስጥ ያለችው አዋላጅ ነርስ ናት፤ ነገሩ ሲጀመር ራሷ መጥታ «እማማ፣ ልውጣልዎት?» አለችኝ። ምን ብዬ ነው የማስወጣት? የልጄን ልጅ የተቀበለች እሷ ናት እኮ! በር ላይ ውኃና ሳሙና አኖርን፣ ጫማዋን ውጪ ታወልቃለች፣ ልጆቹን ከሩቅ ነው ሰላም የምትላቸው። ይኸው እስካሁን ደህና ነን። አከራዮች ካላችሁ፣ መፍራቱ አያሳፍርም፤ ግን ከማባረር በፊት ልጅቷን ቁጭ አድርጋችሁ ጠይቋት። እንዴት መጠንቀቅ እንደሚቻል ከእሷ በላይ የሚያውቅ አታገኙም።


ባለ ጠበሉ
ነሐሴ 11 ቀን 2012 ዓ.ም.

የሚያድን እግዚአብሔር ብቻ ነው። ሐኪሙን እንዲህ አብዝቶ ማወደስ ለእግዚአብሔር የሚገባውን ክብር ለሰው መስጠት እንዳይሆን እፈራለሁ።


ዲያቆን ዘዲማ
ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ የሚያድነው እርሱ መሆኑን ሐኪሞቹም አይክዱም። ብዙዎቹ ሕሙም ሲድንላቸው «እግዚአብሔር ረድቶን» ነው የሚሉት። ግን መጽሐፉን እናንብበው። ሲራክ በ38ኛው ምዕራፍ ሐኪምን እንደሚገባው አክብረው ይላል፤ ምክንያቱንም ሲሰጥ እርሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው ይላል። ዝቅ ብሎ መድኃኒትን ከምድር ያወጣ እርሱ ስለሆነ ብልህ ሰው አይንቀውም ይላል። ጸልይ ይልሃል፣ ኃጢአትህን ተው ይልሃል፣ ከዚያም ለሐኪሙ ስፍራ ስጠው ይልሃል። ሦስቱን በአንድ ምዕራፍ ነው ያስቀመጣቸው። ጥቅምት 22 የምናከብረው ወንጌላዊው ሉቃስም እኮ ሐኪም ነበር፤ ጳውሎስ ለቆላስይስ ሰዎች ሲጽፍ «የተወደደው ሐኪም» ብሎ ነው የሚጠራው።

ጠበሉም ይቀጥል፣ ሕክምናውም ይቀጥል። ዘንድሮ ትንሣኤን፣ ሚያዝያ 11ን፣ ብዙዎቻችን በየቤታችን ነው ያከበርነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቅዳሴው ላይ ቆሜ የማድርባት ሌሊት ነበረች። ከበደኝ፣ አልደብቅም። ግን ያን ሌሊት ለይቶ ሕክምና ውስጥ «ክርስቶስ ተንሥአ» ሳይሏት ያደረች፣ ዶሮ ሲጮህ የበሽተኛ ኦክስጅን ስትለካ የነበረች እህት ነበረች። እሷ ያን ሌሊት ቅዳሴ አስታጎለች የሚል ካለ እኔ ከእሱ ጋር አልስማማም።


ባለ ጠበሉ
ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ዲያቆን፣ ቃለ ሕይወት ያሰማልን። ተቀብያለሁ። እግዚአብሔር ይጠብቃቸው።


ኡሙ ሐናን
ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

አሰላሙ ዐለይኩም። እኔ ቡሬ ነኝ። ሐናን የተወለደችው በረመዳን ነው፣ ሁሉም ሰው «ሆስፒታል አትሂጂ፣ በሽታው እዚያ ነው ያለው» በሚልበት ሰዓት። እናቴ ቤት እንድወልድ ለምና ነበር። ምጡ ሲጠና ባለቤቴ አልሰማ ብሎ ወሰደኝ። አዋላጇ ጾመኛ ነበረች፤ አንድ ልጅ ተቀብላ ሳታርፍ ወደ እኔ መጣች። አፍጥር ሲደርስ አንድ ቴምርና ውኃ በቆመችበት ጎንጨት አድርጋ ተመለሰች። ደም በዝቶብኝ ነበር። ቤት ብሆን ኖሮ ምን እንደምሆን አላህ ነው የሚያውቀው።

የምለው፣ ኮሮናውን የሚያክሙት ብቻ አይደሉም። ሌላው በሽታ እኮ አልቆመም። ምጥ አልቆመም፣ ወባ አልቆመም፣ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስደው ሰው አለ። በሐምሌ ወር እንኳ በዚህ ሁሉ መካከል በመላ አገሪቱ ወደ 15 ሚሊዮን ለሚጠጉ ሕፃናት የኩፍኝ ክትባት ሰጥተዋል። የእህቴ ልጆች ተከትበዋል፤ ከትባያቸው ማስክ አድርጋ፣ ሰዉን አራርቃ አሰልፋ። አላህ ጀዛቸውን በጀነት ይክፈላቸው።


አባይ በረሃ
ነሐሴ 12 ቀን 2012 ዓ.ም.

ሹፌር ነኝ፣ ከባድ መኪና። በኮሮና ሰዓት ሹፌር እንደ እሳት ነበር የሚሸሸው። ሻይ የሚሸጥልን ጠፋ። ደጀን ስገባ ሙቀቴን የሚለካው ልጅ ብቻ ነው «እንዴት አለፈልህ በረሃው?» የሚለኝ። አጭር ቃል ናት፤ ሰው ሰው አሸተተኝ።

የአምቡላንስ ሹፌሮችንም አትርሱ። ያን የአባይን ጠመዝማዛ በሌሊት፣ በጉም፣ ኋላ የሚያቃስት ሰው ይዞ መውረድና መውጣት ምን እንደሆነ የምናውቅ እናውቀዋለን።


ጡረተኛው መምህር
ነሐሴ 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ከላይ እስከ ታች አነበብኩት።

ኅዳር 12 ቀን ቆሻሻ ሰብስበን የምናጥነው ለምን እንደሆነ ብዙ ወጣት አያውቅም። በ1911 ዓ.ም. የገባው ወረርሽኝ ነው፤ ዓለም የስፔን ኢንፍሉዌንዛ የሚለው፣ እኛ የኅዳር በሽታ የምንለው። አልጋ ወራሹ ራስ ተፈሪ ሳይቀሩ ታመው ነበር። ሬሳ የሚቀብር ጠፍቶ በየቤቱ ቀረ ይሉን ነበር አባቶቻችን። ያን ጊዜ በአገሪቱ የነበሩት ሐኪሞች በጣት የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም የውጭ ሰዎች ነበሩ፤ ጎጃም ውስጥ ያለ ገበሬ ሐኪም የሚባል አይቶ አያውቅም። ከማጠንና ከእግዚኦታ በቀር በእጁ ምንም አልነበረውም።

ዛሬ የሚያክሙን ልጆች ከእነዚሁ ገበሬዎች ቤት የወጡ ናቸው። ስንቶቹን እኔ ራሴ ፊደል አስቆጥሬያለሁ፤ በባዶ እግራቸው፣ ቁራሽ በአገልግል ይዘው ሲመጡ አውቃቸዋለሁ። በቀደም አንዱ፣ አሁን ስፔሻሊስት ነው፣ በስልክ «የኔታ፣ አይውጡ፣ እርስዎ ዕድሜዎ አደገኛ ነው» ብሎ ተቆጣኝ። አልወጣሁም። ተማሪዬ ነው ብዬ አልተከራከርኩትም።

ምኞቴን ልጻፍ። እነዚህ ልጆች በሚያክሙት በሽታ እንዳይሞቱ። ከሞቱም፣ እንደ ወታደር ስማቸው በአንድ ቦታ ተቀርጾ እንዲቀመጥ። የኅዳር በሽታ ጊዜ የሞቱትን አስታማሚዎች ስም ዛሬ ማንም አያውቀውም። ይህ ቁጭት ሆኖብኛል።


ተማሪ ሐኪም
ነሐሴ 13 ቀን 2012 ዓ.ም.

የአራተኛ ዓመት የሕክምና ተማሪ ነኝ። በመጋቢት ዩኒቨርሲቲ ሲዘጋ ቦርሳዬን ይዤ ወደ ወላጆቼ ገጠር ገባሁ። ማደሪያችን ለለይቶ ማቆያ እንደሚሆን ስንሰማ መጽሐፎቻችንን እንኳ በቅጡ አልሰበሰብንም። ገና ዎርድ መግባት በጀመርኩበት ዓመት ነው። እኔ እዚህ በሬ እየጠበቅኩ፣ ያስተማሩኝ ሐኪሞች እዚያ እያደሩ መሆናቸውን ሳስብ እንቅልፍ ይነሳኛል። መንግሥት ጡረታ የወጡ ሐኪሞችንም ተማሪዎችንም ተዘጋጁ ብሏል፤ ጠርተውን ግን አያውቁም።

ሲስተር፣ አንድ ጥያቄ ልጠይቅሽ። ፍርሃቱ ይለቃል?


ሲስተር ከማዕከሉ
ነሐሴ 14 ቀን 2012 ዓ.ም.

ወንድሜ፣ አይለቅም። እጅ ግን ይለምዳል። መጽሐፍህን አንብብ፤ በተለይ ስለ ሳንባ ያለውን። ስትመጣ ሥራ ታገኛለህ።


የመንቆረር ልጅ
መጋቢት 18 ቀን 2013 ዓ.ም.

ይህን ክር ልቀስቅሰው። ሲስተር፣ ደህና ናችሁ ወይ? ከተማው ውስጥ ሰው ማስኩን ወደ አገጩ አውርዶታል፣ ሠርጉም ተዝካሩም እንደ ድሮው ሆኗል፤ እናንተ ጋ ግን አልጋ ጠፋ ሲሉ እሰማለሁ።


ሲስተር ከማዕከሉ
መጋቢት 20 ቀን 2013 ዓ.ም.

አለን፣ እግዜር ይመስገን። የሰማኸው እውነት ነው። ካለፈው ክረምት የባሰው አሁን ነው። የጽኑ ሕሙማን ክፍል ሞልቶ አንዱ ሲነሳ ሌላው ይገባል። ከአልጋው ይልቅ የሚያስጨንቀን ኦክስጅን ነው። አንድ ትልቅ ሲሊንደር ከፍ ያለ ኦክስጅን ለሚፈልግ በሽተኛ የሰዓታት ዕድሜ ነው ያለው። ሌሊት ጥበቃውና ጽዳቷ ሳይቀሩ ሲሊንደሩን በኮሪደር እያንከባለሉ ያመጡልናል፤ ያ የብረት ድምፅ ሲመጣ በሽተኞቹ አንገታቸውን ቀና ያደርጋሉ። ስለ ሐኪሞች ስትጽፉ እነዚህን ሁለቱን ጨምሩልኝ። ጽዳቷ ያልገባችበት ክፍል እኛም አንገባም።

ደስ የሚለው፣ ክትባቱ መጣ። የካቲት 28 ከ2 ሚሊዮን በላይ የአስትራዜኔካ ክትባት አዲስ አበባ ገባ፣ መጋቢት 4 ደግሞ ኤካ ኮተቤ ሆስፒታል ላይ መስጠት ተጀመረ። መጋቢት 4 ማለት በኮሮና የተያዘ የመጀመሪያው ሰው አገራችን ውስጥ የተገኘበት ቀን ነው፤ ልክ በዓመቱ። ቅድሚያው ለጤና ባለሙያ ነው። ተራዬ ሲደርስ እወጋለሁ። «መካን ያደርጋል» የሚለውን ወሬ ቤተሰቦቼ ሳይቀሩ ነግረውኛል። በዚህ አንድ ዓመት ውስጥ ያየሁትን ያየ ሰው ያን ወሬ አይሰማም።


ጮቄ ደጋ
መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

የእኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ክትባቱ ወረዳችን ሲደርስ ሰው ፊት፣ ገበያ መሀል እንደምትወጋ ተናግራለች። «እኔን አይታችሁ ነው የምትመጡት» ብላለች። ያን ቀን ከጎኗ ተሰልፌ እቆማለሁ።


ሐቅ ሐቁን
መጋቢት 21 ቀን 2013 ዓ.ም.

እህቴ ታማ ተነስታለች። በሥራ ላይ ነው የያዛት። ዛሬም እዚያው ናት። አበሉን በተመለከተ የጻፍኩትን አልመለስበትም፤ ግማሹ ገብቶላቸዋል፣ ግማሹ ገና ነው። ግን አንድ ነገር ልመስክር። ታማ በተኛችበት ጊዜ ያስታመሟት የሥራ ባልደረቦቿ ናቸው፤ ፈረቃቸውን ጨርሰው፣ ሊያርፉ በሚገባቸው ሰዓት ቱታውን መልሰው ለብሰው ገብተው። ምን እንደምላቸው አላውቅም። እግዜር ይስጥልን።


ተማሪ ሐኪም
ሚያዝያ 30 ቀን 2015 ዓ.ም.

የዓለም ጤና ድርጅት ሚያዝያ 27 የኮሮና ዓለም አቀፍ የጤና አስቸኳይ ሁኔታ ማብቃቱን ሲያውጅ ትዝ ያለኝ ይህ ክር ነው። በአገራችን በይፋ የተመዘገበው ሞት ከ7,500 በላይ ነው። ያልተመዘገበውን በየሰፈሩ ያለን ሰዎች እናውቀዋለን።

ጠርተውኝ ነበር። የመጨረሻ ዓመቶቼን በዚያው መካከል ነው የተማርኩት። ሲስተር፣ ያልሽኝ እውነት ነው፤ ፍርሃቱ አልለቀቀኝም፣ እጄ ግን ለምዷል። አሁን ጠቅላላ ሐኪም ሆኛለሁ። ከአቻዎቼ ብዙዎቹ ወደ ውጭ ለመሄድ ፈተና እያነበቡ ነው፤ አልፈርድባቸውም፣ ደመወዛችንን ታውቁታላችሁ። በአገራችን ለ10,000 ሰው አንድ ሐኪም ገደማ ነው ያለው፤ ከዚያ ላይ አንድ ሲቀነስ የሚጎድለው የት እንደሆነ ግን ከገጠር የመጣ ሰው ያውቃል። እኔ ለጊዜው እዚሁ ነኝ።

ምኞቴን ልጻፍ፣ ያን ጊዜ አልጻፍኩምና። በኮሮና ሰበብ የመጡት መሣሪያዎች መጋዘን ገብተው አቧራ እንዳይጠጡ። ኦክስጅኑ ለሳንባ ምች ሕፃን፣ ደም ለፈሰሳት እናት፣ ለቀዶ ሕክምናው ሁሉ ያው ኦክስጅን ነው። የሚጠግን ባለሙያና መለዋወጫ ከሌለ በዓመቱ ብረት ሆኖ ይቀራል። ለዚህ በጀት ያዙልን። አጥብቄ የምለምነው ይህን ነው።

ሌላው የግል ጉዳይ ነው። ምደባዬ ፍኖተ ሰላም ሆኗል። በሚቀጥለው ወር እገባለሁ። አንድ ክፍል ቤት፣ ውኃ ያለው፣ ለሆስፒታሉ የሚቀርብ የምታውቁ ካላችሁ ጠቁሙኝ።


እትዬ ወለላ ዘፍኖተ ሰላም
ግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

እሰይ ልጄ፣ እንኳን ደስ ያለህ። አዋላጇ ባለፈው ዓመት አግብታ ወጥታለች፤ ክፍሏ ባዶ ነው። ውኃ በሳምንት ሦስት ቀን ይመጣል፣ በርሜል አለ። ሌሊት ሲጠሩህ በሩን የሚከፍትልህ ሰው አይጠፋም። ስልክህን በውስጥ መስመር ላክልኝና ልጄ ይደውልልሃል።


ተማሪ ሐኪም
ግንቦት 1 ቀን 2015 ዓ.ም.

እማማ፣ ልኬልዎታለሁ። እግዜር ይስጥልኝ።